ይጮኻል ወይስ ይታፈናል?

ጣና ላይ የሚሠራ ያረጀ የጀልባ ሞተር ጉልበት ሲያጣ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚፈታው ካርቡራተሩ ነው። ይታጠባል፣ በአየር ይነፋል፣ ተመልሶ ይታሰራል፤ ሞተሩ ግን እንደዚያው ነው። ቀጥሎ ካንዴላ ይቀየራል። ከዚያ ቦቢናው ይጠረጠራል። በመጨረሻ «ፋሻው አልቋል» ይባልና ባለ ጀልባው የጥምቀት ሰሞን ገቢውን ይዞ ዕቃ ፍለጋ ይወጣል። ጥፋቱ ግን ሞተሩ ውስጥ ጨርሶ ላይኖር ይችላል። ፕሮፔለሩ ላይ የተጠመጠመ የእምቦጭ ሥር፣ ከወለሉ ሥር የተጠራቀመ ውሃ ወይም ሳይከፈት የቀረ የታንክ መተንፈሻ ይሆናል።

ስለዚህ መፍቻ ከማንሳትዎ በፊት ያዳምጡ። ጀልባውን ከዳር አውጥተው፣ የተለመደውን ጭነት ጭነው፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱት። ከሁለት አንዱን ይሰማሉ። ወይ ሞተሩ ከወትሮው በላይ ይጮኻል፣ ጀልባው ግን አይሄድም፤ ወይ ደግሞ ይታፈናል፣ ነዳጅ ቢሰጡትም ዙሩ አይነሳም። የሚጮኸው ሞተር ጉልበት አለው፤ ጉልበቱ ውሃው ዘንድ አልደረሰም። የሚታፈነው ወይ የሚበላው አጥቷል ወይ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል። እነዚህን ሁለቱን ሳይለዩ የተጀመረ ጥገና ሁሉ በግምት የሚሄድ ነው።

ጆሮዎን ካላመኑት በካንዴላ ገመድ ላይ ብቻ የሚጠመጠም ትንሽ የዙር መቁጠሪያ አለ፤ ዋጋው ከአንድ ካርቡራተር ጥገና ጋር የሚወዳደር አይደለም። ከ15 እስከ 40 የፈረስ ጉልበት ያላቸው አብዛኞቹ ቱ-ስትሮክ ሞተሮች መስጫው ሙሉ በሙሉ ሲከፈት በደቂቃ ከ4,500 እስከ 5,500 ዙር ውስጥ መገኘት አለባቸው። ከዚያ በላይ ከሆነ ይጮኻል፣ ከዚያ በታች ከሆነ ይታፈናል ማለት ነው። ጥሩ ሜካኒክ ደግሞ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ መቼ ጀመረው? በአንድ ቀን የመጣ ድካም የተሰበረ፣ የተዘጋ ወይም የተነቀለ ነገር አለ ማለት ነው። በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ የመጣው የማለቅ ምልክት ነው። ጠዋት ደህና ሆኖ ከሞቀ በኋላ የሚመጣው ደግሞ ወደ ማቀዝቀዣው ወይም ወደ ኤሌክትሪኩ ይጠቁማል። ባለቤቱ ይህን በትክክል ከመለሰ ግማሹ ሥራ አልቋል።

ከሚጮኸው እንጀምር፤ ይህኛው ቀላል ነው። ሞተሩን ያጥፉ፣ ነጂው እጁ ላይ የሚያስረውን የማጥፊያ ገመድ ይንቀሉ፣ ሞተሩን ወደ ላይ ያንሱና ፕሮፔለሩን ይመልከቱ። እምቦጭ ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ከታየ ወዲህ በተለይ በደንቢያና በፎገራ በኩል የሚሠራ ነጂ ይህን ያውቀዋል፤ ረጃጅሙ ሥር ምላጮቹን ከጠመጠመ ፕሮፔለሩ ውሃ መያዝ ያቅተዋል። ውሃ ላይ ሳሉ ለጥቂት ሰከንድ ወደ ኋላ ማርሽ ማስኬድ አንዳንዴ ይፈታዋል፤ ካልሆነ በእጅ ነው። ከእምቦጩ ይልቅ እኔ የምፈራው የዓሣ መረብ ክር ነው። ከፕሮፔለሩ ጀርባ ገብቶ ዘንጉ ላይ ይጠመጠምና የዘይት ማገጃውን ጎማ ይቆርጠዋል፤ ከዚያ ውሃ ወደ ማርሽ ቤቱ ይገባል። ስለዚህ ፕሮፔለሩን አልፎ አልፎ አውልቆ ዘንጉን ማየት ያስፈልጋል። የታችኛውን የዘይት ብሎን ጥቂት ላላ ሲያደርጉት የሚወጣው ዘይት ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቷል፤ ያ ማርሽ እስኪፈጭ አይጠበቅም።

ፕሮፔለሩ ንጹሕ ሆኖ አሁንም ሞተሩ ከጮኸ መሃሉ ያለው ጎማ ተላቅቆ ይሆናል። በብዙዎቹ ሞተሮች ላይ ፕሮፔለሩ ከዘንጉ ጋር የሚያያዘው በመሃል በተጨመቀ ጎማ ነው፤ ድንጋይ ሲመታ ማርሹ እንዳይሰበር ጎማው ይንሸራተታል። ሲያረጅ ግን ድንጋይ ሳይመታም መንሸራተት ይጀምራል። በዝግታ ሲሄዱ ደህና ይመስላል፣ ነዳጅ ሲሰጡት ብቻ ይለቃል፤ ለዚህም ነው ብዙ ሰው የሚያታልለው። መለያው የጥፍር ቀለም ነው። ከመሃለኛው ብረት ጀምሮ ጎማውን ተሻግሮ እስከ ፕሮፔለሩ አካል ድረስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ፣ ይድረቅ፣ ሞተሩን በሙሉ ኃይል ያስኬዱና ተመልሰው ይዩ። መስመሩ ከተቆረጠ ምክንያቱን አግኝተዋል፤ ወደ ባሕር ዳር ግን በዝግታ ይመለሱ።

ሌላው የሚያስጮኸው አየር ነው። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ክንፍ ከጀልባው ታችኛ ወለል ጋር እኩል ወይም ጥቂት ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። ሞተሩ ከፍ ብሎ ከታሰረ ፕሮፔለሩ ከላይ አየር ይስባል። አጭር እግር ያለው ሞተር የሚሠራው 38 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ላለው የጀልባ ጀርባ ነው፤ ረጅሙ ለ51። አገር ውስጥ የተበየዱ የብረት ጀልባዎች በዚህ ልክ አይሠሩም፤ ሞተሩም ከአንዱ ጀልባ ወደ ሌላው ይዘዋወራል። ሞተር በተቀየረ ሳምንት የመጣ ችግር ከሆነ ሌላ ከመፈለግ በፊት ሜትር ያውጡ።

አሁን ወደሚታፈነው እንምጣ። እዚህም ቢሆን የመጀመሪያው ጥያቄ የሞተሩ አይደለም። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ከወለሉ ሳንቃ ሥር 200 ሊትር ውሃ ካለ ሦስት ሰው በነጻ እየጫኑ ነው ማለት ነው። በፋይበር ጀልባ ደግሞ በወለሉና በታችኛው ሆድ መካከል ያለው ስፖንጅ መሰል መሙያ ለዓመታት ውሃ ሲጠጣ ይቆያል፤ በባልዲ የሚወጣም አይደለም። ጀልባው ባዶውን ሲቆም ውሃው የሚደርስበትን ቦታ በቀለም ምልክት ያድርጉበት። በሚቀጥለው ዓመት ምልክቱ ከውሃ በታች ከሆነ የከበደው ጀልባው ነው። ከሥር የተጣበቀ አልጌና ጭቃም እንዲሁ ይጎትታል።

ጭነቱ ከተጣራ በኋላ የሞተሩን ክዳን ያንሱና፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ፣ አንድ ሰው መስጫውን እስከ መጨረሻው እንዲከፍት ያድርጉ። እርስዎ የካርቡራተሩን አፍ ይመልከቱ። በውስጡ ያለችው ክብ ሳህን ሙሉ በሙሉ መከፈት አለባት። ገመዱ ከላላ ወይም ማያያዣው ከተበላ ሳህኗ ግማሽ መንገድ ላይ ትቆማለች፤ ነጂው ሙሉ ነዳጅ የሰጠ ይመስለዋል፣ ሞተሩ የተሰጠው ግን ግማሽ ነው። ለማስነሻ የሚዘጋው የቾክ ሳህንም ተመልሶ መከፈቱን በዚያው ይዩ። ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ገንዘብም አይጠይቅም። እንዲያውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል ማንም የማያየው።

ከዚያ ነዳጅ ነው፤ በአሮጌ ሞተር ላይ እውነተኛው ጥፋት በብዛት የሚገኘው እዚህ ነው። ከታንኩ ክዳን ላይ ያለችው የመተንፈሻ ብሎን ተከፍታለች? ካልተከፈተች ሞተሩ ለተወሰነ ጊዜ ደህና ይሄድና ታንኩ ውስጥ ክፍተት ሲፈጠር ነዳጅ መሳብ ያቅተዋል። ጀልባው ቆሞ ጥቂት ሲያርፍ ደግሞ ይነሳል፤ ነጂውም «ሞቆ ነው» ይላል። ቱቦው መሃል ያለችው በእጅ የምትጨመቀው የጎማ ፓምፕ ከማንም በላይ ትናገራለች። ሞተሩ በሙሉ ኃይል እየሄደ ሲደክም ረዳትዎ ፓምፗን ደጋግሞ ይጭመቃት። ሞተሩ ወዲያው ከተነቃቃ ካርቡራተሩን ይተዉት፤ ነዳጁ እስከዚያ አልደረሰም። ፓምፗ ራሷ ወደ ውስጥ ተጣብቃ ካገኟት ከእሷ በፊት የተዘጋ ነገር አለ፤ መተንፈሻው ወይም ታንኩ ውስጥ ያለው የመምጠጫ ወንፊት። ሞተሩ ሳይነሳ ደጋግመው ሲጨምቋት ካልጠነከረች ደግሞ ቱቦው ወይም መጋጠሚያው አየር ያስገባል። ቱቦው ደህና ሆኖ በመጭመቅ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ሞተሩ ላይ ያለው የነዳጅ ፓምፕ ስስ ሽፋን ደርቋል ወይም ተቀዷል፤ ትንሽ ዕቃ ናት፣ ዋጋዋም እንደዚያው።

የነዳጁ ጥራት ሌላ ጉዳይ ነው። ቤንዚን በጀሪካን ተገዝቶ፣ በጀሪካን ቆይቶ፣ በጀሪካን በሚቀዳበት አገር ውሃ መግባቱ አይቀርም። ከካርቡራተሩ ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ብሎን ፈትተው የሚወጣውን በጠራ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይቀበሉ። ጥቂት ይቆይ። ውሃ ካለ ከታች ተለይቶ ይቀመጣል። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበትን ለማወቅ ዘይት ሳይጨመርበት በፊት ጥቂት ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ያድርጉ፤ ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ይተንና ወረቀቱ እንደነበረ ይሆናል፣ ነጭ ጋዝ ያለበት ግን ቅባት ያለው ጥላ ይተዋል። ነጭ ጋዝ የገባበት ነዳጅ ሞተሩን ያስነሳው ይሆናል፤ ጭነት ሲበዛ ግን ያንኳኳል፣ ይሞቃል፣ ፒስቶንም ይበላል። ለወራት የተቀመጠ ቤንዚንም ይበላሻል፤ ሙጫ የመሰለ ነገር ይፈጥርና የካርቡራተሩን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ካርቡራተሩ መፈታት የሚገባው አሁን ነው። ሲፈታ ግን ቀዳዳዎቹን በሽቦ አይፋቁ፤ የናሷ ቀዳዳ በጥቂቱ ብትሰፋ ልኩ ተበላሸ ማለት ነው። ማጠቢያ ፈሳሽና አየር ይበቃል።

ስለ ዘይቱም አንድ ነገር። ለብዙ ቱ-ስትሮክ ሞተሮች ልኩ 50 ለ1 ነው፤ ለ20 ሊትር ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር። የእርስዎ ሞተር ማንዋል ሌላ ካለ ማንዋሉ ይቅደም። «ለጥንቃቄ» ብሎ እጥፍ መጨመር የተለመደ ነው፤ ጥንቃቄነቱ ግን አይታየኝም። የተረፈው ዘይት ካንዴላውን ያረጥባል፣ ጭስ መውጫውን በጥላሸት ይሞላል፣ ፋሻውንም ቦታው ላይ ያጣብቃል። የመኪና ሞተር ዘይት ለዚህ አልተሠራም፤ ጣሳው ላይ «ቲሲ-ደብሊው3» የሚል ምልክት ያለውን ይፈልጉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ፤ የቦታው ከፍታ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ያጣል። ክዳኑ ላይ 40 ተብሎ የተጻፈበት ሞተር ጣና ላይ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ እንኳ 33 አካባቢ ነው። 15 የተባለውም ከ12 ብዙ አያልፍም። 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለው ጫሞ ሐይቅ ላይ የሚታጣው ከዚህ ያነሰ ነው፤ ከአርባ ምንጭ የመጣ ሞተር ባሕር ዳር ላይ ሰነፍ ቢመስል አይደንቅም። ያገለገለ ሞተር ከባሕር ዳርቻ አገር ሲመጣ ደግሞ ካርቡራተሩ የተለካው ለዚያ አየር ነው። እዚህ ሲደርስ ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥቁርና እርጥብ ይሆናል፣ ሞተሩ ያጨሳል፣ ነዳጅ ይጠጣል፣ ይታፈናል። መፍትሔው ማንዋሉ ለከፍታ ቦታ የሚያዝዘው ጠበብ ያለ ቀዳዳ ያላት ዋና የነዳጅ ብሎን ናት። ጉልበቱን ግን አትመልስም፤ ብክነቱን ነው የምታስቀረው። ዙሩን ለማንሳት የፕሮፔለሩን ፒች (በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚገፋበትን ርቀት) በአንድ ወይም በሁለት ኢንች መቀነስ ይሻላል፤ አንድ ኢንች ሲቀነስ ከ150 እስከ 200 ዙር ይጨምራል። ከፍታው ግን ሰበብ መሆን የለበትም። ጣና ዘንድሮ ከአምናው ከፍ አላለም። ሞተሩ አምና እዚሁ ደህና ሄዶ ዘንድሮ ከደከመ ጥፋቱን ሌላ ቦታ ይፈልጉ።

ካንዴላዎቹን ሲያወልቁ ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጡ ቅደም ተከተላቸውን ጠብቀው ያስቀምጡ። ሁሉም ጥቁር ከሆኑ ጥፋቱ የጋራ ነው፦ ከፍታ፣ ዘይት፣ የተጣበቀ ቾክ። አንዷ ብቻ እርጥብ ከሆነች ያ ሲሊንደር አይቀጣጠልም። አንዷ ብቻ የታጠበች ያህል ጠርታ ከወጣች ደግሞ ደስ አይበልዎ፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ለቆ ውሃ እየገባ ሊሆን ይችላል። ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር በአንዱ ብቻ ቢሠራም ይነሳል፣ ይሄዳልም፤ ግን ይንቀጠቀጣል፣ ጭነትም አይችልም። ለማጣራት የካንዴላ ክዳኖቹን በየተራ እያነሱ ማዳመጥ የቆየ ዘዴ ነው። ሲነሳ ምንም ለውጥ ያላመጣው፣ የማይሠራው እሱ ነው። ነገር ግን የተነሳውን ገመድ ሁልጊዜ ከሞተሩ ብረት ጋር ያገናኙት፤ አለዚያ የማቀጣጠያው ሳጥን ሊቃጠል ይችላል፣ እርስዎንም ይመታዎታል። ቤንዚን የፈሰሰበት ቦታ ላይ ጭራሽ አይሞክሩት። ቦቢና ቀዝቅዞ ደህና መስሎ ሲሞቅ የሚከዳበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ስለዚህ መፈተን ያለበት በደከመበት ሰዓት እንጂ በማግስቱ ጠዋት አይደለም።

ከኋላ የሚረጨውን የውሃ ክር በየጉዞው የማየት ልማድ ይኑርዎት። ክረምት ላይ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ጭቃ ይዘው ሲገቡ ያ ጭቃ በሞተሩ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያልፋል። እግሩ ውስጥ ያለችውን የጎማ ተሽከርካሪ የሚበላው ጭቃው ውስጥ ያለው አሸዋ ነው፤ ጣና ላይ በየቀኑ ለሚሠራ ሞተር በዓመት አንድ ጊዜ መቀየሯ ግድ ነው። የውሃ ክሩ ከቀጠነ መጀመሪያ መውጫውን በናይሎን ክር ይውጉት፤ ብዙ ጊዜ የተዘጋው እሱ ብቻ ነው። ቀጥሎ የመግቢያ ወንፊቶቹን ከእምቦጭ ሥር ያጽዱ። ሲሞቅ የሚደክም፣ አርፎ ሲነሳ የሚበረታ ሞተር ፒስቶኑ እየሰፋ ግድግዳውን እየጨበጠ ሊሆን ስለሚችል እንደዚያ ሆኖ ተሳፋሪ ይዞ ወደ ደቅ መሄድ አይገባም። ሞተሩን ያለ ውሃ ማስነሳትም፣ «ለመስማት ያህል» ለአንድ ደቂቃ እንኳ ቢሆን፣ ያችን ጎማ ይገድላታል።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ ጉልበቱ ካልተመለሰ ኮምፕሬሽን ይለካል። ካንዴላዎቹ ሁሉ ይወጣሉ፣ ገመዶቹ ከብረት ጋር ይገናኛሉ፣ መስጫው ሙሉ ይከፈታል፤ ከዚያ የመለኪያው መርፌ መውጣት እስኪያቆም የማስነሻው ገመድ ይሳባል። ከቁጥሩ ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው ዋናው፤ ከ15 በመቶ በላይ ከተለያዩ ችግር አለ። ማንዋሉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ለባሕር ወለል ስለሆነ ጣና ላይ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖም መለኪያው ወደ አንድ አምስተኛ ዝቅ ብሎ ያሳያል። በባሕር ወለል 120 ፒኤስአይ የሚሰጥ ሞተር እዚህ 97 ወይም 98 ቢል አልሞተም። ይህን የማያውቅ ሰው ደህና ፋሻ ሲያወጣ፣ ይህን የሚያውቅ ደላላ ደግሞ ሞተርዎን በርካሽ ሲገዛ ያጋጥማል።

አንዱ ሲሊንደር በእርግጥ ዝቅ ካለ ቴስታታው ከመነሳቱ በፊት የጥላሸት ማሟሚያ ፈሳሽ መሞከር ተገቢ ነው፤ የተጣበቀ ፋሻ አንዳንዴ ይለቃል። ካልለቀቀ ይከፈታል። ፒስቶኑ ላይ የቁመት ጭረት ካለ አዲሱን ከመግዛት በፊት ለምን እንደተጫረ ይታወቅ፤ የዚያ ሲሊንደር ካርቡራተር ተደፍኖ ነበር? ውሃው አይዞርም ነበር? ዘይቱ ተረስቶ ነበር? ሲሊንደሩ ከዚህ በፊት ተቦርሾ ሰፍቶ እንደነበር ለማወቅም የፒስቶኑ አናት ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ያንብቡ፤ የመጨረሻው ልክ ላይ ደርሶ ከሆነ ተጨማሪ ቡረሻ አይችልም። አዲስ ፒስቶንና ፋሻ ከገባ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ 10 ሰዓታት ዘይቱ በእጥፍ ይሁን፣ ለ20 ሊትር 800 ሚሊ ሊትር፤ መስጫውም ለረጅም ጊዜ ሙሉ አይከፈት። በእነዚያ ሰዓታት ከጥቂት ሰው በላይ ጭኖ ከዘጌ አልፎ መሄድ አያስፈልግም።